የሩቅ መድረክ በቅርብ ዓይን፦ ኦፔራንና ባሌትን ከቤት ሆኖ ስለ ማየት



ኦፔራን ከአዳራሹ ውጭ ሆኖ መከታተል ኢንተርኔት ያመጣው ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን፣ ክሌማን አዴር የተባለ መሐንዲስ በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ጠርዝ ላይ ማይክራፎኖች ደርድሮ ድምፁን በስልክ ሽቦ እስከ ኤግዚቢሽኑ ድረስ አመጣው። ሰዉ ተሰልፎ ይጠብቅና ተራው ሲደርስ ሁለት ማዳመጫ አንሥቶ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሁለቱ ማዳመጫዎች በመድረኩ በተለያየ ጎን ከተተከሉ ማይክራፎኖች ጋር የተያያዙ ስለነበሩ ዘፋኙ ቦታ ሲቀይር አድማጩ በጆሮው ይከተለው ነበር። በ1890 ለዚሁ ዘዴ «ቴያትሮፎን» የሚባል ኩባንያ ተቋቋመለትና በየቤቱና በየሆቴሉ በክፍያ ይሰጥ ጀመር፤ እስከ 1932ም ቆየ። ልብ ወለድ ደራሲው ማርሴል ፕሩስት ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። ጤናው እንደ ልብ የማያስወጣው ሰው ስለነበረ የዋግነርን ሙዚቃ ቤቱ ሆኖ በስልክ ሰምቷል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዳራሹ ውጭ ያለው ተመልካች ገና ከጅምሩ ነበረ፤ የታመመ፣ ሩቅ አገር የሚኖር፣ ልጅ ጥሎ መውጣት የማይችል፣ የትኬቱ ዋጋ የማይቀመስለት ሰው ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ተቀምጦ በስልኩ የአውሮፓን መድረክ የሚያይ ሰው የእነዚያ ወራሽ ነው። ይህ ሰው እንደ ሁለተኛ ደረጃ ተመልካች እንዳይቆጠር፣ ይልቁንም ራሱ ራሱን እንደዚያ እንዳይቆጥር እሟገታለሁ። ሙሉ ተመልካች ለመሆን ግን ስርጭቱ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነፍገው ማወቅ አለበት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ላይ ነው።

መንገዱ እንዴት እንደተጠረገ በአጭሩ ልለፈው። በአጭሩ «ሜት» የሚባለው የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በ1931 የገና ዕለት «ሄንዝልና ግሬትል»ን በሬዲዮ አስተላለፈ፤ የቅዳሜ ከሰዓት የሬዲዮ ስርጭቱ ከዚያ የመነጨ ነው። በ1977 «ላ ቦኤም» ከዚያው መድረክ በቴሌቪዥን በቀጥታ ታየ። ዲሴምበር 30 ቀን 2006 ደግሞ የሞዛርት «አስማተኛው ዋሽንት» በሳተላይት ወደ ሲኒማ ቤቶች ተላከ። በ2009 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ኮንሰርቶቹን በኢንተርኔት ለደንበኞቹ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። በ2017 «ኦፔራቪዥን» የተባለው፣ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የሚንቀሳቀሰው ድረ ገጽ ከብዙ አገር የኦፔራ ቤቶች የሚመጡ ዝግጅቶችን በነፃ ለሁሉም ከፈተ።

ከዚያ 2020 ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር መጣ። ማርች 12 ቀን ሜት በሩን ዘጋ። በዚያው ዕለት በርሊን ውስጥ የሙዚቃ መሪው ሳይመን ራትል በባዶ አዳራሽ ፊት የቤሪዮንና የባርቶክን ሥራዎች መራ፤ ኦርኬስትራው ተጫወተ፣ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ፣ አድማጩ በየአገሩ በየቤቱ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሜት ከመዝገቡ እያወጣ በየምሽቱ አንድ ኦፔራ በነፃ ማሳየት ጀመረ፤ የመጀመሪያው «ካርመን» ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እነዚያ የየምሽቱ ዝግጅቶች ቀደም ብለው የተቀዱ ነበሩ። ኤፕሪል 25 ቀን ሜት ያዘጋጀው የቀጥታ ዝግጅት ግን ሌላ ነው። ከአርባ በላይ ዘፋኞች በያሉበት አገር፣ በየሳሎናቸው ቆመው ዘፈኑ። ከኋላቸው የመጽሐፍ መደርደሪያቸው ይታያል፤ መጋረጃቸው ይታያል። 3,800 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያለ ማጉያ ለመሙላት የሠለጠነ ድምፅ በስልክ ማይክራፎን ውስጥ ሲገባ ይጨናነቃል፤ ያን ምሽት መጨናነቁ ራሱ ይሰማ ነበር። ለእኔ ያ ድክመት አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው ግድግዳ የሚበልጥ ነገር በደረታቸው ተሸክመው እንደሚኖሩ ያን ያህል በግልጽ ያሳየ ምሽት አላውቅም።

በባርሴሎና የሊሴው ቴያትር ደግሞ ጁን 22 ቀን ዳግም ሲከፈት በ2,292 ወንበሮቹ ላይ 2,292 ተክሎች ተቀመጡ። አራት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች የፑቺኒን «ክሪዛንቴሚ» ተጫወቱላቸው፤ ዝግጅቱም በቀጥታ ተሰራጨ። ተክሎቹ በኋላ ለጤና ባለሙያዎች ተሰጡ። የሐሳቡ ባለቤት ሠዓሊው ኤውሄንዮ አምፑዲያ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት ተመልካች ሳስብ ያ አዳራሽ ይመጣብኛል፤ ወንበሩን የያዘው ቅጠል፣ የሚሰማው እኛ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው የትም ይቀመጥ፣ ዓይኑን የሚያዝዘው ራሱ ነው። ቢፈልግ ዋናዋን ተወዛዋዥ ይከተላል፣ ቢፈልግ ከኋላ በረድፍ የቆሙትን ያያል። ቤት ያለው ሰው ይህ ነፃነት የለውም። ካሜራ ቁጥር ሦስት ወይስ ቁጥር አምስት ይታይ የሚለውን የሚወስንለት የስክሪን ዳይሬክተር የሚባል ባለሙያ አለ። ይህ ባለሙያ የሙዚቃውን ኖታ ዘርግቶ፣ በየትኛው ምት ላይ ከየትኛው ካሜራ ወደ የትኛው እንደሚሻገር አስቀድሞ ምልክት አድርጎ ይመጣል። ብራያን ላርጅ በጀርመኗ ቤይሮይት የቀረበውን የዋግነርን «ሪንግ» በ1979 እና በ1980 ለቴሌቪዥን ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ጋሪ ሃልቮርሰን ብዙዎቹን የሜት የሲኒማ ስርጭቶች ሠርቷል። የሙዚቃ መሪው ማን ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ የእነዚህንም ስም ጠይቁ፤ ያያችሁትን ያሳዩአችሁ እነሱ ናቸውና።

በባሌት ላይ ይህ ውሳኔ የሞት የሽረት ያህል ነው። «ላ ባያዴር»ን እንውሰድ። ማሪዩስ ፔቲፓ በ1877 በሴንት ፒተርስበርግ ያቀረበው ሥራ ነው፤ ሙዚቃው የሚንኩስ ነው። የሚወዳት ሴት የሞተችበት ሶሎር የተባለ ጦረኛ በሕልሙ የሙታንን ዓለም ያያል። ነጭ የለበሱ ሴቶች ከመድረኩ ጀርባ ካለ ተዳፋት ላይ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዋ ወጥታ አንድ እግሯን ወደኋላ ዘርግታ ወደፊት ታዘነብላለች፣ ቀና ትላለች፣ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች፤ ከዚያ ሁለተኛዋ ስትወጣ ሁለቱ አብረው ያንኑ ይደግማሉ። ከዚያ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። እንደ አዘገጃጀቱ ቁጥራቸው 24 ወይም 32 ይደርሳል። የመጀመሪያዋ ያንኑ እንቅስቃሴ ሠላሳ ጊዜ ያህል ትደግማለች ማለት ነው። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ለብቻዋ የምትደነቅ ሴት የለችም። ውበቱ ረድፉ ነው፤ መደጋገሙ ነው፤ መድረኩ ቀስ በቀስ በነጭ መሞላቱ ነው።

በዚህ ቅጽበት ካሜራው ወደ አንዲቱ ልጅ ፊት ቢጠጋ ምን ይቀራል? የተጨነቀ ፊት ብቻ። የማኅሌት ሥነ ሥርዓትን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ወረብ ሲወርቡ፣ ካሜራው ከበሮ መቺው ላይ ብቻ ሙጭጭ ካለ የሁለቱ ረድፍ አንድ ላይ ዘንበል ቀና ማለት ያመልጠናል፤ ወረቡም የሚያምረው በዚያ ነው። ጥሩ የስክሪን ዳይሬክተር እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ካሜራውን ሩቅ አቁሞ ዝም የማለት ድፍረት አለው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ«ስዋን ሌክ» ሦስተኛ ገቢር ጥቁሯ ስዋን የምትባለው ኦዲል በአንድ እግሯ ጣት ላይ ቆማ፣ ሌላውን እግሯን እንደ አለንጋ እየወረወረች 32 ጊዜ ትሽከረከራለች። ይህን በ1895 በሴንት ፒተርስበርጉ ማሪንስኪ መድረክ ላይ ያሳየችው ጣሊያናዊቷ ፒየሪና ሌኛኒ ናት። ፈተናው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከጀመረችበት ነጥብ ሳትንሸራተት መጨረስ አለባት። አዳራሽ ያለ ሰው ወለሉን ስለሚያይ ወደፊት ስትገፋ ወዲያው ያውቃል። ካሜራው ከወገብ በላይ ከያዛት ወይም አብሯት ከተንቀሳቀሰ ቤት ያለው ተመልካች ይህን ሊያውቅ አይችልም። ዝላይም እንዲሁ ነው፤ ወንዱ ሲዘል ካሜራው አብሮት ወደ ላይ ከተነሣ የዝላዩ ከፍታ ይጠፋል፤ ከፍታ የሚታወቀው ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ሲነጻጸር ነውና። የሆሊውዱ ፍሬድ አስቴር ሲደንስ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ጣት ሙሉ አካሉ በምስሉ ውስጥ እንዲቆይ አጥብቆ ይጠይቅ የነበረው ይህን ስለገባው ነው። ስለዚህ የአንድ ባሌት ሁለት ቅጂ ካገኛችሁ እግር የሚያሳየውን ምረጡ።

ይህን ሁሉ ስል ካሜራን ልወነጅል አይደለም። በካሜራ ካልሆነ በቀር በምንም ገንዘብ የማይገኝ ነገር አለ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ሊዮንታይን ፕራይስ በሜት መድረክ ላይ የመጨረሻ ኦፔራዋን ዘፈነች። በሚሲሲፒ ግዛት ሎረል በምትባል ከተማ፣ ጥቁሮችና ነጮች በሕግ በተለያዩበት ዘመን የተወለደች ሴት ናት። ያን ምሽት 57 ዓመቷ ነበር፤ ዝግጅቱም በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። የሦስተኛውን ገቢር ብቸኛ ዜማዋን ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ጭብጨባው አላቆም አለ። እሷ ከገጸ ባሕርይዋ ላለመውጣት ቀጥ ብላ ቆማለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ቀረ። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ ሲሞላ፣ መልሳ ስትቆጣጠረው ይታያል። ያን ፊት ያን ያህል ከቅርብ ያየ የአዳራሹ ተመልካች አልነበረም። ያየነው ከቤት የተመለከትን ነን።

የዘፈነችው ኦፔራ «አይዳ» ነበር፤ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ኦፔራ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ካይሮን የአውሮፓ ከተማ ለማስመሰል በነበረው ምኞት በ1869 የኦፔራ ቤት አስገነባ፤ ለዚያው ቤትም ጁዜፔ ቬርዲ አዲስ ሥራ እንዲጽፍለት አስጠየቀ። ታሪኩን የጠነሰሰው ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪየት ነው፤ የጣሊያንኛውን ግጥም የጻፈው አንቶኒዮ ጊዝላንዞኒ። ልብሱና የመድረክ ቁሳቁሱ በፓሪስ ሲሠራ የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ከበባትና ዕቃው እዚያው ታግቶ ቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርኢት እስከ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ዘገየ። በዚያ ምሽት አዳራሹን የሞሉት የተጋበዙ ሹማምንት፣ ዲፕሎማቶችና ባለጸጎች ነበሩ፤ ተራው የካይሮ ነዋሪ አልገባም። ቬርዲ ራሱም አልሄደም።

በኦፔራው ውስጥ ኢትዮጵያውያን ተሸንፈው፣ እጃቸው ታስሮ በግብፅ የድል ሰልፍ ላይ ይቀርባሉ። ንጉሣቸው አሞናስሮ ማንነቱን ደብቆ ከምርኮኞቹ መካከል ይቆማል። ይህን ያስጻፈው እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በኖቬምበር 1875 በጉንደት፣ በማርች 1876 በጉራዕ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ያን ጦር ደመሰሰው። ኦፔራው የሚጠራት «ኢትዮጵያ» በአባይ ሸለቆ ያለችው የናፓታ ምድር፣ የዛሬዋ ሰሜን ሱዳን መሆኗን አውቃለሁ። ቢሆንም የመድረኩን ምርኮኞች እያየሁ ጉንደትን አለማሰብ አልችልም፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ የማትችሉ ይመስለኛል። በዚህ ስሜት የሚያይ ሰው በሚላኖ ወይም በኒውዮርክ አዳራሽ ካለ ሰው በላይ የሚያየው ነገር አለው።

ሦስተኛው ገቢር የኦፔራው ልብ ነው። ሌሊት ነው፤ ቦታው የአባይ ዳር ነው። አይዳ አገሯን ዳግም እንደማታይ እያሰበች ብቻዋን ትዘፍናለች። አባቷ ከጨለማው ይወጣና የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚመጣ ከምትወደው ከጦር አዛዡ ከራዳሜስ ምስጢሩን እንድታወጣለት ያዛታል። እምቢ ስትለው ልጄ አይደለሽም ይላታል። ይህ በሁለት ሰው መካከል የሚካሄድ ነገር ነው፤ ካሜራ ሲጠጋ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። የመጨረሻው ትዕይንት ግን ተቃራኒው ነው። ቬርዲ መድረኩን ሁለት ፎቅ አድርጎታል። ከታች ራዳሜስና አይዳ በሕይወት በተዘጋባቸው መቃብር ውስጥ እየሞቱ ነው፤ ከላይ፣ በቤተ መቅደሱ ወለል ላይ፣ ራዳሜስን የምትወደው የፈርዖን ልጅ አምኔሪስ በድንጋዩ ላይ ወድቃ ትጸልያለች። ሁለቱ ፎቅ አንድ ላይ ካልታየ የትዕይንቱ ትርጉም ግማሹ ይጎድላል። የትኛውንም «አይዳ» ከቤት ስታዩ ዳይሬክተሩን በዚህች ቦታ መዝኑት።

ይህ ሥራ ሌላም ቁስል አለው። ለብዙ ዘመን አይዳን የሚዘፍኑ ነጭ ሴቶች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡ ነበር። በ2022 አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጀል ብሉ የቬሮናው አሬና ይህን በማድረጉ ከዚያ መድረክ ራሷን አገለለች። ልክ አድርጋለች። ጃንዋሪ 25 ቀን 2025 እሷው በሜት አዲስ ዝግጅት አይዳን ሆና ስትዘፍን ስርጭቱ በቀጥታ ለዓለም ሲኒማ ቤቶች ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ በፓሪስ ሎተ ደ ቤር ያዘጋጀችው «አይዳ» በባዶ አዳራሽ ተሠርቶ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ብቻ ታየ፤ እዚያ አይዳን የምትወክለው ትልቅ አሻንጉሊት ስትሆን ዘፋኟ አጠገቧ ቆማ ትዘፍን ነበር። እነዚህን ዝግጅቶች አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ እየዞረ በየአዳራሹ ለማየት ምን ያህል ገንዘብና ስንት ቪዛ ያስፈልገው ነበር? ቤት ያለው ሰው ግን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽራቸዋል። ይህ የቤት ተመልካች ትልቁ ሀብት ነው።

ስለ ድምፅ ካልተናገርኩ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። የኦፔራ ዘፋኝ ማይክራፎን ሳይዝ ሰማንያ ሰው ባለበት ኦርኬስትራ ላይ ተሻግሮ የሚሰማው በጩኸት ብዛት አይደለም። የሠለጠነ ጉሮሮ የድምፁን ኃይል በሰከንድ 3,000 ንዝረት አካባቢ ያከማቻል፤ ኦርኬስትራው በዚያ አካባቢ ይደክማል፤ ጆሯችን ደግሞ በዚያ አካባቢ ይበልጥ ንቁ ነው። ዘፋኙ በዚያች ክፍተት ያልፋል። ስርጭት ላይ ግን ሁሉም በማይክራፎን ስለሚመጣ ትልቁ ድምፅና ትንሹ ድምፅ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ የአንድን ዘፋኝ ድምፅ መጠን ከቤት ሆናችሁ አትፍረዱ። አተነፋፈሱን፣ የቃሉን ጥራት፣ ዜማው ላይ ያለውን ስሜት ግን ፍረዱ፤ እነዚህ ሳይጎድሉ ይደርሳሉ።

ለምስል የሚጨነቅና ለድምፅ ግድ የሌለው ተመልካች ብዙ ነው፤ መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። የኮንትራባስ ወፍራም ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የስልክ ስፒከር ከ200 በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። ሙዚቃው ወለሉን አጥቶ ይደርሳችኋል ማለት ነው። ርካሽ ባለ ሽቦ ጆሮ ማዳመጫ እንኳ ይህን በብዙ ያሻሽለዋል። ዳታ የሚያሳስባችሁም ምስሉን ዝቅ አድርጉት። በከፍተኛ ጥራት አንድ ሰዓት ወደ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ ምስሉን ዝቅ ስታደርጉት ፍጆታው በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ያን ያህል አይጎዳም።

አንዲት ጠቃሚ ነገር እነሆ። «አይዳ» የሚጀምረው ቫዮሊኖች እጅግ ዝግ ባለ ድምፅ ሲጫወቱ ነው። ሰው አልተሰማኝም ብሎ ድምፁን ይጨምራል። ሁለተኛው ገቢር ሲደርስ ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ረጃጅም መለከቶች፣ ሦስቱ በአንድ ቅኝት፣ ሌሎቹ ሦስቱ ከፍ ባለ ሌላ ቅኝት እየተቀባበሉ ሲነፉ ጆሮውን ይይዛል፤ ድምፁን ይቀንሳል። እንዲህ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ቬርዲ የለካውን ልዩነት ያፈርሰዋል። መለከቱ ጋ አስቀድማችሁ ሄዳችሁ ጆሯችሁ የሚችለውን ያህል ለኩና ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፤ ዝግ ያለው ዝግ እንዳለ ይቆይ። ጆሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል።

«ቀጥታ» መሆኑስ ምን ይጨምራል? ይጨምራል ባይ ነኝ። ዘፋኟ ከፍተኛውን ድምፅ ትስታለች ወይስ ታገኘዋለች የሚለውን ማንም፣ ራሷም እንኳ፣ አያውቀውም፤ እናንተም ከእሷ ጋር በዚያው ጥርጣሬ ውስጥ ናችሁ። የኒውዮርክ የቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት በእነሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲጀመር በክረምታቸው አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከቪየና የምሽት ትርኢት ጋርም በተመሳሳይ ሰዓት ይገናኛል። ለእኛ የተመቸ ሰዓት ነው። በእረፍት ሰዓትም አትነሡ። የሜት ስርጭት በእረፍቱ መሃል ከመጋረጃው ጀርባ ይወስዳችኋል፤ ሠራተኞች ግድግዳ ሲገፉ፣ ዘፋኝ ላቡ ሳይደርቅ ሲጠየቅ ታያላችሁ፤ ጠያቂውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዘፋኝ ነው። በባሌትም ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ «የዓለም የባሌት ቀን» አለ፤ ታላላቅ ቡድኖች የጧት ልምምዳቸውን በቀጥታ ያሳያሉ። ትናንት ማታ አበባ የተወረወረላት ዋና ተወዛዋዥ ጧት ከመለማመጃው እንጨት አጠገብ ከጀማሪዎቹ ጋር ቆማ ጉልበቷን በማጠፍ ልምምድ ትጀምራለች። ባሌት የምትማር ልጅ ያለችው ቤተሰብ ከአንድ ሙሉ ትርኢት በፊት ይህን ያሳያት።

በመጨረሻ የገንዘብን ነገር ላንሳ፤ ሳይነሣ መቅረት የለበትም። በ2020 ዓለም በየምሽቱ የሜትን ኦፔራ በነፃ ሲያይ፣ የዚያው ቤት የኦርኬስትራና የኅብረ ዝማሬ አባላት ለአንድ ዓመት ገደማ ያለ ደመወዝ ነበሩ። የሰማነው ቫዮሊን የእነሱ ነበር። አንዳንዶቹ ከተማዋን ጥለው ወጡ፤ መሣሪያቸውን የሸጡም ነበሩ። በነፃ የሚሰጠውን በደስታ ተቀበሉ፤ «ኦፔራቪዥን» በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ስለሆነ ማንም ሳይሳቀቅ ሊያየው ይገባል። የሚከፈልበትን ግን የቻለ ይክፈል። ለአንድ ሰው የከበደው ለአምስት ቤተሰብ አይከብድም። ትርኢቱን ከአንድ ስልክ አውጥታችሁ በአንድ ሳሎን ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ብታዩት ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፤ ዋጋውን ትካፈላላችሁ፣ ከጎናችሁ የሚተነፍስ ሰው ይኖራል።

አንድ ልመና አለኝ። የእነዚህ ስርጭቶች የግርጌ ጽሑፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ነው የሚመጣው። ጊዝላንዞኒ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ የ«አይዳ» ግጥም የባለቤትነት መብት አያግደውም። ከእናንተ መካከል፣ ወይም በሮምና በሚላኖ ካሉት ወገኖቻችን መካከል፣ ጣሊያንኛውን በደንብ የሚያውቅና አማርኛው የተዋጣለት ሰው ይህን ግጥም መስመር በመስመር ይመልስልን። አራት ገቢር ነው፤ ብዙ ገጽ አይፈጅም። ትምህርት ቤቶችና የሙዚቃ ተማሪዎች ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ሦስተኛውን ገቢር ይዩት። ሥራውን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ካለ ዛሬ ከዚህ ሳይወጣ ያነጋግረኝ።